ቤት ስትሠሩ ሲሚንቶውን አትንኩት፣ ብክነቱን ቀንሱ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግንባታ ዕቃ መወደድ የምታወጡት ጽሑፍ አንድም አያመልጠኝም። የምትሉት እውነት ነው። ግን ዋጋው ናረ ትላላችሁ፣ አንባቢው ራሱን ነቅንቆ ልክ ናችሁ ይላል፣ ከዚያ ታዲያ ቤት ጀምሮ መሀል ላይ የቆመው ሰው ምን ያድርግ የሚለው ጋ ስትደርሱ ጽሑፉ ያልቃል። እኔ የግለሰብ ቤቶች ግንባታ ላይ ፎርማን ነኝ። ባለቤቱ የገዛው ዕቃ የት እንደገባ ማየት ሥራዬ ነው። ስለዚህ የጎደለውን ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ይረዝማል፣ ብትችሉ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

ሰው ገንዘብ ሲያጥረው እጁ ቀድሞ የሚሄደው መነካት ወደሌለበት ነገር ነው። ሲሚንቶ ይቀንሳል። ፌሮ ያሳሳል። መሐንዲሱን «ምን ይሠራልኛል» ብሎ ይተወዋል። እዚያው ግቢ ውስጥ ግን አሸዋው ከጭቃ ጋር ተደባልቋል፣ ዝናብ የነካው ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኗል፣ ትናንት የተለሰነው ግድግዳ ዛሬ ለመብራት መስመር ይፈለፈላል። ገንዘቡ የሚፈሰው በዚህ በኩል ነው። ቤቱን ሳታዳክሙ ወጪ መቀነስ ይቻላል፣ የሚቀነሰው ግን ከሚባክነውና ሁለት ጊዜ ከሚሠራው ነው።

ከፕላኑ ልጀምር። ወረቀት ላይ ያለ ግድግዳ በላጲስ ይጠፋል። የተገነባ ግድግዳ የሚጠፋው በመዶሻ ነው፣ አፍራሹም ይከፈለዋል፣ ፍርስራሹን የሚያወጣውም ይከፈለዋል፣ መልሶ የሚገነባውም ይከፈለዋል። ብዙ ሰው ፕላን የሚያሠራው ለፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባና ቤቱ በአፍ ትእዛዝ ይሠራል። «እዚህ ጋ መስኮት ይሁንልኝ፣ ይሄን ክፍል ትንሽ ወደዚያ ግፉልኝ» እየተባለ። ከዚያ ወጪው ከየት መጣ ይባላል።

ቅርጹም ዋጋ አለው። በቁጥር ላሳያችሁ። 10 በ10 የሆነ ቤት 100 ካሬ ሜትር ነው። 5 በ20 የሆነውም 100 ካሬ ሜትር ነው። የመጀመሪያው የውጭ ዙሪያው 40 ሜትር ነው፣ የሁለተኛው 50። አሥር ሜትር ትርፍ ግድግዳ ማለት በ3 ሜትር ከፍታ 30 ካሬ ነው። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ያህል ይገባል፣ ስለዚህ 375 ብሎኬት። ግድግዳው በሁለቱም በኩል ሲለሰን 60 ካሬ ልስን፣ ከዚያም 60 ካሬ ቀለም። መስኮትና በር ሲቀነስ ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል፣ ከሥር ያለው አሥር ሜትር የመሠረት ቁፋሮና ግንብ ግን አይቀነስም። ይሄ ሁሉ ወጥቶ የተገኘው ተጨማሪ ወለል ዜሮ ነው። መሬታችሁ ጠባብና ረጅም ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ምርጫ የላችሁም። ምርጫ ካላችሁ ግን ወደ ካሬ የቀረበ፣ ማዕዘኑ ያልበዛ ቤት ሥሩ። እያንዳንዱ ማዕዘን የግንበኛ ጊዜ ይበላል። ጣሪያውንም ያወሳስበዋል፣ ጣሪያ ሲወሳሰብ ደግሞ የቆርቆሮ ቁርጥራጭ ይበዛል፣ ሁለት ተዳፋት የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ነገ የሚያፈስ ቦታ ነው።

ሽንት ቤቱ፣ ሻወሩና ወጥ ቤቱ ጀርባ ለጀርባ ይሁኑ። ቤቱ ፎቅ ከሆነ አንዱ ከአንዱ በላይ ይሁን። ቧንቧ ያጥራል፣ ፍሳሽ ያጥራል፣ ብልሽት ሲመጣም የሚፈለገው አንድ ቦታ ላይ ነው። የፍሳሽ መስመር በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መውረድ አለበት። ሽንት ቤቱ ከመውጫው 15 ሜትር ከራቀ መስመሩ 30 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ያ ቁልቁለት ከየት ይመጣል? ወይ ወለሉ ከፍ ይላል ወይ ቁፋሮው ይጠልቃል። ሁለቱም ገንዘብ ነው።

ኮሪደር ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ኮሪደር መሠረት አለው፣ ወለል አለው፣ ጣሪያ አለው፣ የሚቀመጥበት ሰው ግን የለውም። ጎበዝ አርክቴክት ክፍሎቹን በሳሎን ዙሪያ አድርጎ ኮሪደሩን ያሳጥርላችኋል። ለእሱ የምትከፍሉት ገንዘብ ከዚህ ብቻ ይመለሳል።

ፕላኑ ካለቀ በኋላ ቁፋሮ ሳይጀመር የሥራ ዝርዝርና የዕቃ ግምት አሠሩ። ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፣ ስንት ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ፌሮ በየቁጥሩ (በየውፍረቱ)፣ ስንት ብሎኬት፣ ስንት ካሬ ልስን። ያለዚህ ወረቀት ዕቃ መግዛት ጨለማ ውስጥ መዳከር ነው። ሠራተኛው ሲሚንቶ አለቀ ሲላችሁ ማለቅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን የምታውቁበት መንገድ አይኖራችሁም። ለ1 ለ2 ለ4 ድብልቅ (አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር) አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ስድስት ተኩል ያህል ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይፈልጋል። ይሄን አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ባለቤት ሲሚንቶው በትክክል መግባቱን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። ሁለት ሜትር ኩብ በተሞላበት ቀን ስምንት ከረጢት ብቻ ከወጣ አርማታው ሳስቷል። ሃያ ከወጣም ሄዶ መጠየቅ ነው።

ከግምቱ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ይሄን የማይነካ ገንዘብ አድርጉት። ቁፋሮው ከታሰበው በላይ ይጠልቃል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ዝናብ ይመጣል። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ሥራው መሀል ላይ ሲቆምበት ያልተሸፈነው ፌሮ ይዝጋል፣ የቆመው እንጨት ይበሰብሳል፣ ግንበኛውም ሌላ ሥራ ይይዝና ሲጠሩት አይመጣም። ገንዘባችሁ በአንዴ ካልሞላ መቆሚያውን እናንተ ምረጡት። መሠረቱና የታችኛው ቢም (አግዳሚው የአርማታ ተሸካሚ) አልቀው መቆም ይቻላል። ጣሪያው ከለበሰ በኋላም ይቻላል። ግድግዳው ግማሽ ወጥቶ አናቱ ክፍት ሆኖ መቆም ግን ጥሩ አይደለም። ለሚቀጥለው ፎቅ የተተወ ፌሮ ካለ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀቡት ወይ በላስቲክ ጠቅልሉት።

አሁን ስለ ፌሮ። ቤርጋው 12 ሜትር ነው። 4 ሜትር የሚቆረጥ ከሆነ ሦስት ይወጣዋል፣ ምንም አይተርፍም። 4 ሜትር ተኩል ከሆነ ሁለት ይወጣና 3 ሜትር ይተርፋል። የተረፈው የት እንደሚገባ ቀድሞ ካልታሰበ ጥግ ላይ ይከመርና በመጨረሻ በቁራሊዮ ዋጋ ይሸጣል። ፌራዮው (ፌሮ ቆራጩና አሳሪው) መቁረጥ ሳይጀምር መሐንዲሱ የቁርጥ ዝርዝር ይስጠው። ረጃጅሞቹ መጀመሪያ ይቆረጡ፣ ከትርፉ አጫጭሮቹ ይውጡ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ አንድ ወረቀትና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ፌሮ ስትገዙ ሚዛን ላይ አውጡት። በዓይን 11 እና 12 ሚሊ ሜትር አይለይም። በሚዛን ግን ይለያል። የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት የሚገኘው ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ አባዝቶ ለ162 በማካፈል ነው። 12 ሲባዛ በ12፣ 144 ነው፣ ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ግራም በሜትር። ስለዚህ ባለ 12 ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ ግራም መሆን አለበት። ባለ 8 ደግሞ 4.7፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4፣ ባለ 14 ደግሞ 14.5፣ ባለ 16 ደግሞ 19 ኪሎ ግራም ያህል። 12 ነው ተብሎ የተሸጠላችሁ ቤርጋ 9 ኪሎ ከመጣ በውስጡ ያለው ብረት 11 ሚሊ ነው፣ ከስድስት አንድ እጁ የለም። የከፈላችሁት ግን ለሙሉው ነው፣ መሐንዲሱም ያሰበው ሙሉውን ነው። ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፣ እሱ አያስጨንቅም። እንዲህ ያለ ልዩነት ግን ዕቃውን ሳያወርዱ መመለስ ነው።

አሸዋ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው እርጥበት ነው። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ትንሽ ውሃ የነካው አሸዋ ከደረቁ ይልቅ ከ20 እስከ 30 በመቶ የበለጠ ቦታ ሊይዝ ይችላል። በመኪና ጭነት ስትገዙ ያን እብጠት አብራችሁ እየገዛችሁ ነው፣ ስለዚህ ከተቻለ በደረቅ ወቅት አስገቡት። ድብልቅ ስትለኩም ይሄው ነው፣ በእርጥብ አሸዋ ሁለት ሳጥን ያላችሁት በእውነቱ ሁለት ሳጥን አይሞላም። ሁለተኛው አፈር ነው። አንድ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ከድናችሁ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ተዉት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል። ጭቃው ቀስ ብሎ ከላዩ ይተኛል። በበነጋታው ሁለቱን በማስመሪያ ለኩ። የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው ከ6 እስከ 8 በመቶ ካለፈ ያ አሸዋ ሳይታጠብ ለአርማታ አይሆንም። ርካሽ አሸዋ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሻጩ ይሄን ስታደርጉ ካየ ለሚቀጥለው ጭነት የሚያመጣላችሁ አሸዋ ይለያል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሲሚንቶ አስቀድሞ በብዛት ማከማቸት ብዙ ሰው እንደ ብልጠት ያየዋል። ዋጋ ሳይጨምር ይባላል። ሲሚንቶ ግን እየቆየ አቅሙን ያጣል፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ለኮለን (ለአርማታ ምሰሶ) እና ለቢም አትመኑት። ሥራው በሚፈልገው ልክ በየምዕራፉ ግዙ። ስታስቀምጡ ከወለሉ በሳንቃ ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳው አርቁት፣ ከአሥር ከረጢት በላይ አትደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ጓል ችግር የለበትም። የማይፈርስ ከሆነ ያ ሲሚንቶ አልቆለታል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፣ ውሃ።

የኮለን ሙሌት ቀን ነው እንበል። ፌሮው ቆሟል፣ ሳንቃው ታስሯል፣ ድብልቁ በትክክል ወጥቷል፣ ጠጠሩ በሲሚንቶ ተለብሷል፣ ስትጨብጡት ይያያዛል። ከላይ ሆኖ የሚሞላው ልጅ «አይወርድልኝም፣ አቅጥኑት» ይላል። ከሥር ያለው ባልዲ ያነሳና ይደፋበታል። ድብልቁ ወዲያው እንደ ሾርባ ይፈሳል፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ ያያል፣ ምንም አይልም፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረውም። ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ወደ 25 ሊትር ውሃ ይበቃል፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሲጨመር 35 ይሆናል። በዚያች አንዲት ባልዲ የአርማታው ጥንካሬ ሲሶው ገደማ ይሄዳል። ሲሚንቶው ተገዝቷል፣ ተጭኗል፣ ተቦክቷል፣ እና ጥቅሙን በነፃ ውሃ አጠብነው። አርማታው እንዲወርድ ከተፈለገ ቫይብሬተር (ማንቀጥቀጫው ማሽን) አለ። ቫይብሬተር ከሌለ በፌሮ ቁራጭ እየወጉ ማውረድ አለ፣ ሳንቃውን በመዶሻ እያንኳኩ ማውረድ አለ። ያደክማል፣ አዎ። ግን ቤቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ሙሌት ባለበት ቀን ባለቤቱ ሌላ ቀጠሮ አይያዝ። ባልዲው አጠገብ ይቁም።

መለኪያውም በአካፋ አይሁን። አካፋ አንዴ ይሞላል አንዴ ይጎድላል፣ ጠዋት ላይ ያለው አካፋና ከሰዓት በኋላ የደከመው ሰው አካፋ አንድ አይደለም። 40 በ35 በ25 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠሩ፣ ልኩ 35 ሊትር ነው፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ይመጣል። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ አራት ሳጥን ጠጠር። መሐንዲሱ ሌላ ምጥጥን ካዘዘ የእሱን ተከተሉ። ውሃው ደግሞ ለመጠጥ የሚሆን ንጹህ ውሃ ይሁን።

ከሙሌት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ አይሰሰትም። ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ አጠጡት፣ ፀሐይ ከበረታ መሀል ላይም ጨምሩ፣ ወይ ጆንያ አልብሳችሁ ጆንያውን አርጥቡት። አርማታ በሰባት ቀን ከጥንካሬው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይይዛል፣ መሐንዲሶች ሙሉ ብለው የሚቆጥሩት በ28 ቀን ነው። ቶሎ የደረቀ አርማታ ደርቋል እንጂ አልጠነከረም። ከዚህ በላይ ርካሽ የሆነ ማጠንከሪያ በዓለም ላይ የለም፣ ግን የሚዘነጋው እሱ ነው፣ ምክንያቱም የሙሌት ቡድኑ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፣ ዘበኛውም አልታዘዘም። ዘበኛውን እዘዙት፣ ትንሽ ጨምሩለት። የሶሌታ ፑንቴሎም፣ ማለትም የአርማታ ጣሪያውን ወይም የፎቅ ወለሉን ከሥር የሚደግፈው ቋሚ፣ በችኮላ አይነቀል። የኪራይ ቀን ለማትረፍ በሳምንት የሚነቅል አለ። መንቀያውን ቀን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፣ እንደ ስፋቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቁ።

ሰው የማያስተውለው ሌላ ማፍሰሻ አለ፣ ያልተስተካከለ ነገር። 100 ካሬ ሶሌታ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 15 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። ካሳፎርማው (አርማታው የሚሞላበት ሳንቃ) በውሃ ልክ ሳይስተካከል ቀርቶ መሀሉ ቢወርድና በአማካይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ሌላ ሁለት ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው። 13 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከነአሸዋው ከነጠጠሩ፣ ለምንም የማይጠቅም ክብደት ሆኖ ቢሞቹ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳም እንደዚያው ነው። በቱንቢ ያልተገነባ ግድግዳ የሚቃናው በልስን ነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚበቃው ልስን አራት ይሆናል፣ ወፍራም ልስን ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ማዕዘን ስትፈትሹ በሜትር 3፣ 4፣ 5 ተጠቀሙ። ከጥጉ በአንዱ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ይሄን መሠረት ሲቀየስ አድርጉት። ሴራሚክ ሲነጠፍ ክፍሉ ጠማማ መሆኑን ብታውቁ ምንም አታደርጉም፣ በየጥጉ ስትቆርጡ ትውላላችሁ።

አፈሩን ሳላነሳ አላልፍም። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ እንደማንኛውም መሬት መሠረት መጣል ቤት ላይ መፍረድ ነው። ከፍ ዝቅ እያለ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፣ በልስን ብትደፍኑት በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይመጣል። ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ለመሐንዲስ አሳዩ። ወይ ወደ ጠንካራው መሬት ይወረዳል፣ ወይ አፈሩ ወጥቶ በሚሆን ሙሌት ይተካል፣ ወይ መሠረቱ ለዚያ አፈር ተብሎ ይነደፋል። የቱ እንደሚሆን ጎረቤት ወይም ግንበኛ አይወስንም። እዚህ ላይ ቆጣቢ የሚባል ነገር የለም።

ከሠራተኛ ጋር ያለው ነገር ብዙ ጠብ ያስነሳል፣ ግን መላ አለው። ቀን እየቆጠሩ መክፈል ሥራውን ያዘገየዋል። በጠቅላላ ዋጋ መስጠት ደግሞ ያስቸኩለዋል፣ ጥራት ይጎዳል። እኔ የምመክረው በካሬና በሜትር ኩብ መዋዋል ነው። የተሠራው ይለካል፣ የተለካው ይከፈላል። ከየክፍያው ከ5 እስከ 10 በመቶ ይያዝና ሥራው ተፈትሾ ሲያልቅ ይለቀቅ። ውሉ ላይ የእጅ ዋጋው ብቻ አይጻፍ፣ ሳንቃና ፑንቴሎ በማን ነው፣ ውሃ የሚያመጣው ማነው፣ የተበላሸ ሥራ በማን ወጪ ይፈርሳል፣ ዕቃ ሲወርድ የሚቀበለው ማነው፣ ይሄ ሁሉ ይጻፍ። ቅድሚያ ክፍያ ትንሽ ይሁን። አንድ ባለቤት ለግንበኛው የግድግዳውን ሂሳብ በሙሉ አስቀድሞ ከፈለ፣ ሰውየው መስኮት ደፍ ላይ ደርሶ ጠፋ፣ ስልኩም ተዘጋ፣ ባለቤቱ ለሌላ ግንበኛ እንደገና ከፈለ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። በዚያው ልክ ግን የሠራ ሰው በቀኑ ይከፈለው። ጎበዝ ግንበኛ ይፈለጋል፣ ባዘገያችሁበት ቁጥር ወደሚከፍለው ይሄዳል፣ እናንተ ጋ የሚቀረው ሌላ ቦታ ሥራ ያጣው ነው።

ቅደም ተከተልም ገንዘብ ነው። የመብራት ቱቦና የውሃ ቧንቧ ከልስን በፊት ይግቡ። ማብሪያ ማጥፊያው የት ይሆናል፣ አልጋው በየት በኩል ይዞራል፣ ፍሪጁ የት ይቆማል፣ ይሄን ቤተሰቡ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆሞ ይነጋገርበት፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይሰመርበት። ቧንቧው ከተዘረጋ በኋላ ጫፉ ተደፍኖ በፓምፕ ይፈተሽ፣ በሥራ ላይ ከሚኖረው ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሰጠውና መለኪያው መውረድ አለመውረዱ ይታይ። ይሄን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ የታወቀ ፍሳሽ ግን ሴራሚኩን፣ ልስኑን፣ ከሥር ያለውን ክፍል ኮርኒስ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከመደፈኑ በፊት ደግሞ ሁሉንም ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ነገ መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ቧንቧው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ስለ ማጠናቀቂያ ሥራ ብዙ አልልም፣ እንደ ኪስ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ጥሩው ይገዛ፣ ገመዱ፣ ቧንቧው፣ የሽንት ቤቱ ወለል ውሃ መከላከያ። ከላይ የሚታየው ለጊዜው ተራ ቢሆን ምንም አይደለም። በር ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል፣ የመብራት ጌጥ ይቀየራል። ሊሾ ወለል ላይ ገብታችሁ ኑሩ፣ ሴራሚኩ ሲመቻችሁ ይነጠፋል። እኔ የማየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሳሎኑ ያብረቀርቃል፣ ውስጥ ያለው ገመድ ግን ከሁሉም የቀጠነው ነው። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅም ቀለም አትቀቡ፣ አራት ሳምንት ያህል ስጡት፣ አለበለዚያ ቀለሙ ይላጥና ሁለቴ ትገዛላችሁ።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ጋዜጣችሁ በየጊዜው የዕቃ ዋጋ ሰንጠረዥ ታወጣላችሁ። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቋሚ ሰንጠረዥ ጨምሩልን። የፌሮ ክብደት በየቁጥሩ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ የሚገባው ሲሚንቶ፣ ለአንድ ከረጢት የሚበቃው ውሃ፣ ለአንድ ካሬ የሚገባው ብሎኬት። ሰው ቆርጦ ኪሱ ይክተታት፣ ዕቃ ሲገዛ ያውጣት። ሌላው፣ በባለቤትና በግንበኛ መካከል የሚሆን ቀላል የውል ቅጽ የሕግ ባለሙያ አርቅቆት አንድ ገጽ ላይ አትሙልን። የሰነዱ ቋንቋ ግንበኛውም አንብቦ የሚገባው ይሁን፣ እኔ የሚጎዱትን አይቻለሁ፣ ባለቤቶች ብቻ አይደሉም፣ ሠርተው ሂሳባቸውን የተከለከሉ ግንበኞችም አሉ። የሚለካውንና የሚመዘነውን ዝርዝር ማዘጋጀት ላይ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ከክፍያ ነፃ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፎርማን፣ የዘወትር አንባቢያችሁ